ነፋስን ከግምት አታስገቢ

ሰባተኛው ጥያቄ፦ «አንድ ክብ ቤት አለ፣
አምስት ሳንቲሜትር በተረገጠ የበግ ጠጉር የተከለለ።
ስፋቱ ሃምሳ ካሬ፣ ውስጡ ሃያ ዲግሪ፣
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ነው። ቀምሪ፦
በየሰከንዱ ስንት ሙቀት በግድግዳው ይወጣል?
ነፋስን ከግምት አታስገቢ» ይላል።

መጽሐፉን የጻፈው ሰው አይቶን ቢሆን ኖሮ፣
አንድ ሌሊት እኛ ጋ አድሮ፣
ያቺን ዐረፍተ ነገር ይሰርዛት ነበር።
እዚህ ኮረብታው ላይ፣ ከኡላንባታር ዳር፣
ቤታችን ስሙ «ገር» ነው፤
ብርዱ ግን ገር አይደል፣ ነገረኛ ነው፤
ሳያንኳኳ ገብቶ፣
የባልዲውን ውኃ አርግቶ፣
እንደ ባለ ርስት የሚቀመጥ፣
ከሰል ብትጨምሪበት የማይደነግጥ።

እርሳስ ቀረጽሁ፤ የአንድ እጄን ጓንት አወለቅሁ፤
ቀመሩን ከላይ ጻፍሁ፣ ቁጥሮቹን ደረደርሁ፦
አራት መቶኛ ለጠጉሩ፣ ሃምሳ ለስፋት፣
ሃምሳ ደግሞ ለውስጥና ለውጭ ጠብ፣ ለልዩነት፤
አባዝቼ፣ በውፍረቱ አካፍዬ፣ ደግሜ አጣርቼ፣
ሁለት ሺህ አገኘሁ። ምድጃውን አየሁት ፈርቼ፦
ሁለት የጋሉ ካውያዎች፣ ሌሊቱን በሙሉ፣
የሰማይን ልብስ ሊተኩሱ በግድግዳችን ያልፋሉ!

አባቴ ቾይጂል ገባ፣ አስከትሎ አንድ ክንድ ብርድ፣
ጢሙ ላይ ጨው የመሰለ በረድ።
የከተማውን የሙቅ ውኃ ቧንቧ ነው የሚጠግን፣
ለፎቆቹ እንጂ ለኛ የማይደርሰውን።

«ኡያንጋ፣ ስምንተኛውስ?» አለኝ፣ ጫማውን ሳይፈታ።
አነበብሁለት በዝግታ፦
«ውኃ በቧንቧ ሲሄድ፣ መንገዱ ቢጠብ፣
ዲያሜትሩ እኩሌታ ቢሆን፣ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ብዙም ሳላስብ
«ሁለት እጥፍ» ብዬ ነበር።
«አራት» አለ፣ ወረቀቴን ሳያይ፣ ከበሩ ዳር።
እስከ አምስተኛ ክፍል ነው የተማረው፤
ግን ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮውን ቧንቧ ላይ ደግፎ ያደመጠ ነው።
«ጠባቡ ላይ ሲደርስ ያፏጫል፣ እንደ ቸኮለ ሰው፤
ሁለት ብቻ አይደለም፣ ሁለትን በሁለት ነው።»
ላጲስ አነሣሁ። ክብ ነዋ! በሁለቱም ጎን ይጠብባል፤
እኔ በአንዱ ብቻ አይቼው፣ ሌላው ተረስቷል።

ከዚያ ሰባተኛውን አሳየሁት። የመጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ፣
ሣቀ፣ እንደ አሮጌ ፈረስ።
«ነፋሱ ግን» አለ፣ «እኛን ከግምት አስገብቷል።»

ዝም አልን። ጣሪያው ይርገበገባል።

«ውፍረቱ እጥፍ ቢሆንስ?» አልሁ ድንገት፣
ለራሴም መለስሁ፦ «ግማሽ! አንድ ሺህ ዋት!»
አባቴ ፋኖሱን አንሥቶ ወጣ ያለ ቃል።
ሞተር ብስክሌቱን ገፍፎት ተመለሰ፤ አሮጌውን ጠጉር ተሸክሞታል።
ለሰሜን በኩል ብቻ በቃ፣ ሌላው ገላ ተርፎ፤
በገመድ አሰርነው፤ እሱ ስቦ፣ እኔ ደግፌ፣ ታናሼ ቱመን በሕልሙ ለፍልፎ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ የለም፦
አንድ ጎኑ የደረበ ቤት፣ የታረዘ ሞተር፣ የማይተኛ ነፋስም።

ጠዋት በሩ ሥር የባልዲውን ውኃ ነካሁት፤
በረዶ ነበረ፤ ግን በጣቴ ሰበርሁት።
(ሌላ ቀን በመጥረቢያ ነው።)

መምህርት ኻሊዑን ሰባተኛውን አየችው፤
ከሁለት ሺህ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ በቀይ ከበበችው፦
«ሁለት ሺህ ምን? በግ? ተራራ? አሃዱን የት ጣልሽው?»
ግማሽ ነጥብ ቀነሰች። ተገቢ ነው።

በኅዳጉ ግን በደቃቅ ፊደል ጽፌ ነበር፦
«ነፋሱ ሲታከልስ?» ብዬ፣ እንደ ምሥጢር።
እሱን አላረመችም። ከሥሩ በእርሳስ፣ ያለ ቀይ ቀለም፣
«እኔም አላውቅም» ብላለች፤ «እኛም ጋ ይነፍሳል፣ ዛሬም።»